አልጋና እስትንፋስ፤ ስለ ጽኑ ሕሙማን ክፍል የተነገረው ቃል ሲመረመር

ከአዲስ አበባ ተነሥቶ በቃሊቲ በኩል ወደ ቢሾፍቱ የሚወርድ መንገደኛ ገላንን ሳያይ አያልፍም። በግራና በቀኝ የፋብሪካ አጥር ይታያል፤ በመካከሉም ከባሕር በር ዕቃ ጭነው የሚመጡ ከባድ መኪናዎች ይመላለሳሉ። በዚህ ከተማ የሚኖር ሠራተኛም፥ ነጋዴም፥ ካህንም ከመጋቢት ወር 2012 ዓ.ም. ጀምሮ ዕለት ዕለት አንድ ዓይነት ቃል ሲሰማ ከረመ። ቃሉም የጤና ሚኒስቴር ስለ ኮሮና ወረርሽኝ ያወጣው የነበረው የዕለት መግለጫ ነው። በሽታው በኢትዮጵያ መኖሩ መጋቢት 4 ቀን 2012 ዓ.ም. ከተነገረ በኋላ ያ መግለጫ እንደ ጸሎት ሰዓት የሚጠበቅ ሆኖ ነበር። ስንት ሰው ተመረመረ፥ በስንቱ ላይ ቫይረሱ ተገኘ፥ ስንቱ አገገመ፥ ስንቱ ሞተ፥ ስንቱስ በጽኑ ሕሙማን ክፍል ይገኛል የሚለው በየተራ ይነበብ ነበር።

ምናልባት አንዳንድ ሰው፥ የመሥሪያ ቤት መግለጫ እንደ ድርሰት ሊመረመር ይገባዋልን? ይል ይሆናል። መልሱ አዎን ነው። አንድ መጽሐፍ ቢወጣ የሚያነበው ጥቂት ሰው ነው፤ ይህን መግለጫ ግን የአገሩ ሕዝብ ሁሉ በየቀኑ ሰምቶታል፤ ስለ ሕመምና ስለ ሞት ያለውንም አሳብ በእርሱ ቃል ለክቶታል። ሕዝብን በዚህን ያህል ያስተማረ ቃል ሳይመረመር ቢቀር የቅኔ ቤት ልማድ አይደለም። በቅኔ ቤት ደቀ መዝሙር የቈጠረውን ቅኔ ለመምህሩ ሲነግር፥ መምህሩ በመጀመሪያ የሚጠይቀው ሰሙ ምን እንደ ሆነ፥ ወርቁም ምን እንደ ሆነ ነው። ሰሙ ያማረ ሆኖ ወርቅ የሌለው እንደ ሆነ ቅኔው ይመለሳል። እንግዲህ የዚህ መግለጫ ሰም ቍጥር ነው፤ ወርቁ ምን እንደ ሆነ ማየት ያስፈልጋል።

አስቀድሞ ምስጋናውን መስጠት ይገባል። መግለጫው አጭር ነበረ፤ ጌጥም አልነበረበትም። የሞተውን ሰው በስሙ አልጠራም፤ የሐዘንተኛውንም ቤት ለአደባባይ አልገለጠም። ክፉ ወሬ ሲበዛ አልጠፋም፤ ደግ ወሬ ሲሆንም ራሱን አላሞገሰም። በፍርሃት ጊዜ እንዲህ ያለ ትሕትና ያለው ቃል ማግኘት ትልቅ ነገር ነው። ሐሰተኛ መድኀኒትና ሐሰተኛ ትንቢት በየመንደሩ በተዘራበት ወራት፥ በየቀኑ በአንድ መልክ የሚመጣ ደረቅ ቍጥር ለብዙ ሰው ልብ እንደ ምሰሶ ሆኖ ነበር።

ነገር ግን በመግለጫው ውስጥ ሁለት ቃላት አሉ፤ ሁለቱም ብዙ የሸከሙ ሲሆኑ ያልተፈቱ ናቸው። አንዱ «ጽኑ ሕሙማን» የሚለው ነው። ሁለተኛውም በመግለጫው ዙሪያ ሲነገር የነበረው «አልጋ» የሚለው ነው።

ጽኑ የሚለው ቃል ጸንዐ ከሚለው የግእዝ ግስ የወጣ ነው፤ በረታ፥ ጠነከረ ማለት ነው። ጽኑ ሃይማኖት፥ ጽኑ ግንብ፥ ጽኑ ወዳጅ ይባላል። ጽኑ ሕሙም ሲባል ግን የበረታው ሰውዬው አይደለም፤ በሰውዬው ላይ የበረታው ሕመሙ ነው። ከሰው ሁሉ የደከመው በብርቱ ስም ይጠራል። ይህ ለባለ ቅኔ የሚጥም ተቃራኒ ነው፤ ስሙም በውነቱ በደንብ የወጣ ስም ነው። ሆኖም ስሙ የሚያሳየው የተኛውን ብቻ ነው። ፈረንሳውያን ይህን ክፍል ነፍስን መመለስ በሚል ቃል ይጠሩታል፤ ብዙዎች ሌሎች የአውሮፓ ሕዝቦችም የብርቱ ጥበቃ ወይም የብርቱ ሕክምና ክፍል ይሉታል። በእነዚህ ስሞች ውስጥ አንድ የሚጠብቅና የሚመልስ ሰው አለ። በአማርኛም «ጽኑ ሕክምና» የሚል አነጋገር አልፎ አልፎ ይሰማል፤ የበረታው ሕክምናው ነው ማለት ነው። ልዩነቱ የአንዲት ቃል ቢመስልም ትንሽ አይደለም። ጽኑ ሕሙማን ሲባል የሰሚው ልብ አልጋ ላይ ወደ ተኛው ይሄዳል፤ ጽኑ ሕክምና ሲባል ግን ከአልጋው አጠገብ ወደ ቆመችው ነርስ ይሄዳል። ሕዝቡ ሁለት ዓመት ሙሉ የሰማው አብዛኛውን ጊዜ የመጀመሪያውን ነው። ስለዚህ የተኛውን ቈጠረ፤ የቆመውን ግን ሳይቈጥር ቀረ።

የጽኑ ሕክምና ክፍል አወላለድ ይህን ነገር ይመሰክራል። እንደ አውሮፓ አቈጣጠር በ1952 ዓ.ም. በዴንማርክ ዋና ከተማ በኮፐንሃገን የልጅነት ልምሻ ወረርሽኝ ተነሣ። በሽታው የብዙዎችን የመተንፈሻ ጅማት አሰለለ። ሕሙማኑ የተሰበሰቡበት የብሌግዳም ሆስፒታል አልጋ አላጣም፤ ለመተንፈስ የሚረዳ ትልቅ የብረት ሣጥን ግን አንድ ብቻ ነበረው፤ ከእርሱም ሌላ በደረት ላይ የሚታሠሩ 6 ትንንሽ መሣሪያዎች ነበሩት። በመጀመሪያዎቹ 3 ሳምንታት መተንፈስ ከተሳናቸው 31 ሕሙማን 27ቱ ሞቱ። በዚያን ጊዜ ብዮርን ኢብሰን የሚባል የማደንዘዣ ሐኪም ተጠራ። እርሱም በነሐሴ ወር መጨረሻ ላይ በአንዲት የ12 ዓመት ልጃገረድ ጕሮሮ ላይ ትንሽ ቀዳዳ አስከፍቶ ቱቦ አስገባ፤ ከቱቦውም ጋራ የጎማ ከረጢት አጋጥሞ በእጁ እየጨመቀ አስተነፈሳት፤ ልጅቱም ዳነች።

ከዚያም በኋላ የሆነው የሚያስደንቅ ነው። በየቀኑ እስከ 50 የሚደርሱ አዳዲስ ሕሙማን ይመጡ ጀመር፤ በአንድ ጊዜም እስከ 70 የሚደርሱ በእጅ የሚተነፍሱ ሕሙማን ነበሩ። መሣሪያ ስላልነበረ ወደ 1 ሺ 5 መቶ የሚሆኑ የሕክምና ተማሪዎች ተጠርተው፥ እየተፈራረቁ ከረጢቱን ሲጨምቁ ወራት አሳለፉ። ከ10 ሕሙማን 8ና 9 ይገድል የነበረው በሽታ ከግማሽ በታች ወደ መግደል ወረደ። በተከታዩ ዓመት ኢብሰን ያቋቋመው ክፍል በዓለም የመጀመሪያው የጽኑ ሕክምና ክፍል ተብሎ ይቈጠራል። እንግዲህ ይህ ክፍል የተወለደው ከወረርሽኝ ነው፤ የተወለደውም ከተማሪ እጅ ነው እንጂ ከአልጋ አይደለም። ክፍሉን ክፍል ያሰኘው በሕሙሙ አጠገብ ሌሊቱን ሁሉ የማይተኛ ሰው መኖሩ ነው።

ሁለተኛው ቃል አልጋ ነው። አልጋ በአማርኛ ኅብር ያለው ቃል ነው፤ መኝታም ነው፥ ዙፋንም ነው። አልጋ ወራሽ ሲባል መኝታ የሚወርስ ማለት አይደለም። ዙፋን ደግሞ በእንጨቱ ዙፋን አይባልም፤ ንጉሥ ሲቀመጥበት፥ አገልጋይ ሲቆምለት፥ ሕግም ሲወጣለት ነው። የጽኑ ሕሙማን አልጋም እንደዚሁ ነው። በሽተኛ ስለ ተኛበት ብቻ አልጋ አይባልም። አገልጋይ ያስፈልገዋል፥ ይኸውም ነርስና ሐኪም ነው። ስንቅ ያስፈልገዋል፥ ይኸውም ኦክስጅን ነው። ሕግም ያስፈልገዋል፥ ይኸውም አልጋው አንድ ብቻ ቀርቶ ሁለት ሕሙማን ሲመጡ ማን ይተኛበት የሚለው ፍርድ ነው። ከሦስቱ አንዱ የጐደለበት አልጋ መኝታ እንጂ አልጋ አይደለም።

በ2012 ዓ.ም. ክረምት መግቢያ ላይ በቦሌ አውሮፕላን ማረፊያ አጠገብ ያለው የሚሌኒየም አዳራሽ የኮሮና ሕሙማን ማከሚያ ሆነ። ይህ አዳራሽ የ2000 ዓ.ም. በዓል የተከበረበት፥ ኋላም ባዛርና የሙዚቃ ድግስ የሚደረግበት ቤት ነበረ። እስከ 1 ሺ አልጋ እንዲይዝ ተደርጎ ሲዘጋጅ የቅዱስ ጳውሎስ ሆስፒታል ሚሌኒየም ሕክምና ኮሌጅ ሐኪሞችና ነርሶች ሥራውን ያዙ። ከእርሱ አስቀድሞም የኤካ ኮተቤ ሆስፒታል ለዚሁ ሥራ ተለይቶ ነበር። የዘፈን ቤት የሕሙማን ቤት መሆኑ በአጭር ጊዜ የተሠራ ትልቅ ሥራ ነው፤ የሠሩትም ሊመሰገኑ ይገባል። ነገር ግን 1 ሺ አልጋ የሚለው ቃል ወደ ሕዝብ ጆሮ ሲገባ ሰሚው 1 ሺ እስትንፋስ አድርጎ ተረጐመው። እውነቱ ግን ከዚያ አልጋ የሚበዛው ቫይረሱ ተገኝቶባቸው ለመለየትና ለመጠበቅ ለሚገቡ፥ ሕመማቸውም ላልጸና ሰዎች የተሰናዳ ነበር። በመጀመሪያው ወራት ቫይረሱ የተገኘበት ሰው ሁሉ ወደ ማከሚያ ይገባ ስለ ነበረ እንዲህ መሆኑ ግድ ነው። በቤት ሆኖ መታከም ከተፈቀደ በኋላ ሥራው ተለየ። ስለዚህ አልጋ የሚለው አንድ ቃል ለቀላል ሕሙምም፥ ሞት ደጅ ለደረሰም ሕሙም እኩል ሲነገር፥ ቃሉ ውስጠ ወይራ ሆነ፤ ላዩ ለስላሳ፥ ውስጡ ግን ጠንካራ ጥያቄ ያለበት።

ስለ ስንቁ ጥቂት ስሌት ማድረግ ይጠቅማል፤ ቍጥር ካልተሰላ ወርቁ አይወጣምና። መካከለኛ ሕመም ያለው ሰው በደቂቃ 5 ሊትር ኦክስጅን ቢወስድ በ24 ሰዓት 7 ሺ 2 መቶ ሊትር ይፈጃል። በሆስፒታል የሚታየው ረጅሙ ትልቅ ሲሊንደር ሲሞላ የሚይዘው 6 ሺ 8 መቶ ሊትር የሚያህል ነው። እንግዲህ አንድ ሰው ብቻ በቀን አንድ ሙሉ ሲሊንደር ጨርሶ ሁለተኛውን ይጀምራል። ሕመሙ ሲጸና ግን በአፍንጫ በኩል በደቂቃ እስከ 60 ሊትር የሚሰጥበት ጊዜ አለ፤ በዚህ መጠን ያው ሲሊንደር 2 ሰዓት አይሞላም። አንድ አዳራሽ 1 ሺ ሕሙማን ሞልተውበት ሁሉም መካከለኛውን መጠን ቢፈልጉ፥ በየቀኑ ከ1 ሺ በላይ ሲሊንደር ተሞልቶ፥ በመኪና ተጭኖ፥ በሰው ትከሻ ተሸክሞ መግባት ይኖርበታል። የዚህ ሁሉ ጭነት ድካም «አልጋ ተዘጋጅቷል» በሚለው ቃል ውስጥ አይሰማም። በገላን መንገድ ላይ ከባድ መኪና ሲያልፍ የሚያይ ሰው ይህን ለማስተዋል አይቸገርም፤ እስትንፋስም እንደ ብረትና እንደ ስሚንቶ በመኪና የሚጓዝ ዕቃ የሆነበት ዘመን ነበረና።

ስለ አገልጋዩም እንዲሁ ነው። በደኅናው ጊዜ በጽኑ ሕሙማን ክፍል አንዲት ነርስ የምትጠብቀው 1 ወይም 2 ሕሙማን ነው። ለ10 አልጋ በአንድ ጊዜ 5 ነርሶች ያስፈልጋሉ ማለት ነው፤ ቀኑ በ3 ተረኛ ቢከፈል 15 ይሆናሉ፤ የዕረፍት ቀንና የታመመ ሲታሰብም ከዚያ ይበልጣሉ። ወረርሽኝ ሲበረታ ሆስፒታሎች የሚያደርጉት ብልሃት የሠለጠነችውን ነርስ ከፍ አድርጎ፥ ከሌላ ክፍል የመጡትን ከእርስዋ በታች አሰልፎ፥ አንዲቱ በብዙ ሕሙማን ላይ እንድታዝ ማድረግ ነው። ቀጠሮ ሊቈይ የሚችለውን ቀዶ ጥገና ያዘገያሉ፤ የማገገሚያውን ክፍልና የቀዶ ጥገናውን ክፍል ለጽኑ ሕሙማን ይለውጣሉ። ይህ ሁሉ ሲደረግ ነርሶቹ ከራስ እስከ እግር ተሸፍነው፥ ላብ እያጠመቃቸው፥ ውሃ ሳይጠጡ ለሰዓታት ይቆማሉ። አልጋ በሳምንት ይገዛል፤ የጽኑ ሕክምና ነርስ ግን በዓመታት ነው የምትሠራው። ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል የተባለው ለዚህ ነው።

ደግሞም ብዙ ነፍስ የዳነው ዋጋው በማይከብድ ነገር መሆኑ ሊዘነጋ አይገባም። መተንፈስ የከበደውን ሕሙም በሆዱ ማስተኛት ገንዘብ አይጠይቅም፤ ቱቦው እንዳይወልቅ፥ ፊቱም እንዳይቈስል የሚያገላብጡት ብዙ እጆች ግን ይፈልጋል። በሰኔ 2012 ዓ.ም. በእንግሊዝ አገር በኦክስፎርድ ሊቃውንት የተመራው ምርመራ እንዳሳየው፥ ዴክሳሜታዞን የሚባለው የቈየና ርካሽ መድኀኒት በመተንፈሻ መሣሪያ ላይ ካሉት ሕሙማን የሚሞቱትን በ3 እጅ አንዱን፥ ኦክስጅን ብቻ ከሚወስዱት ደግሞ የሚሞቱትን በ5 እጅ አንዱን ያህል ቀነሰ። ይህን መድኀኒት ትንሽ የወረዳ ከተማም ልታገኘው ትችላለች። ሰዉ ግን በዚያ ወራት ይጨነቅ የነበረው አገሩ ስንት የመተንፈሻ መሣሪያ አለው በሚለው ነበር። መሣሪያ የሚታይ ስለ ሆነ ይቈጠራል፤ እጅና ሥርዓት ግን የማይታዩ ስለ ሆኑ ከቍጥር ይወጣሉ።

ሦስተኛው ነገር ፍርዱ ነው፤ ይህም ከሁሉ የከበደ ነው። በጣልያን አገር የሎምባርዲያ አውራጃ ከወረርሽኙ በፊት 7 መቶ 20 የሚያህል የጽኑ ሕሙማን አልጋ ነበረው፤ አገሩም ባለጸጋ ነው፤ ሆኖም በጥቂት ሳምንት ውስጥ ሞላ። በመጋቢት ወር እንደ አውሮፓ አቈጣጠር 2020 ዓ.ም. የጣልያን የማደንዘዣና የጽኑ ሕክምና ሐኪሞች ማኅበር አንድ ጽሑፍ አወጣ። በውስጡም፥ ቦታ ሲጠፋ ለመጀመሪያ መጪ ሁሉ መስጠት እንደማይቻል፥ ከሕክምናው ይበልጥ የሚጠቀመውንና የመዳን ተስፋው የበዛውን ማስቀደም እንደሚያስፈልግ፥ በመጨረሻም ለዕድሜ ወሰን ማድረግ ግድ ሊሆን እንደሚችል ተናገረ። ብዙ ሰው ደነገጠ፤ ጽሑፉንም ጨካኝ ነው ብሎ ነቀፈው። ነቀፋው በከፊል ትክክል ነው፤ ሽማግሌን በዕድሜው ብቻ ከእስትንፋስ የሚያስወጣ ሕግ በማናቸውም አገር ልብን ያቈስላል። ነገር ግን ጽሑፉ አንድ ምስጋና አለው፤ ይኸውም ፍርዱን በአደባባይ መናገሩ ነው። ያልተጻፈ ፍርድ የለም ማለት አይደለም። ሕግ ባይወጣም ያንኑ ፍርድ በሌሊት ብቻውን የቀረ አንድ ወጣት ሐኪም ይፈርደዋል፤ ኋላም ዕድሜውን ሙሉ ይሸከመዋል። ወይም ደግሞ ፍርዱ ሳይታወቅ በዘመድና በትውውቅ ይሰጣል። ከሁለቱ ክፉዎች በአደባባይ የተነገረው ይሻላል፤ የተነገረ ነገር ሊታረም ይችላልና።

እንግዲህ ወደ መግለጫው ሲመለሱ ጉድለቱ ይታወቃል። የዕለቱ መግለጫ በጽኑ ሕሙማን ክፍል ያሉትን ሰዎች ቍጥር ይናገር ነበር፤ ለስንት ሰው የሚበቃ ቦታ እንዳለ ግን በዘወትር መልኩ አይናገርም ነበር። ይህ ጎደሎ ቅኔ ነው። ወንዝ ዳር የቆመ ሰው ውሃው ከፍ አለ ቢባል፥ ድልድዩ ምን ያህል እንደሚችል ካላወቀ ምን ያደርጋል? በመጋቢትና በሚያዝያ 2013 ዓ.ም. በቀን ቫይረሱ የሚገኝባቸው ሰዎች ከ2 ሺ ያለፉባቸው ቀኖች ነበሩ። የጤና ሚኒስትር የነበሩት ዶክተር ሊያ ታደሰ በዚያ ወራት የጽኑ ሕሙማን ቍጥር መብዛቱንና የሕክምናው ቦታ መጥበቡን ለሕዝብ አስጠንቅቀዋል። ቃላቸው ግልጽ ነበር። ነገር ግን ሕዝቡ አንድ ዓመት ሙሉ ቍጥርን ያለ ወሰን ሲሰማ ጆሮው ለምዶ ስለ ነበረ፥ ማስጠንቀቂያው እንደ አንድ ተጨማሪ ቍጥር ሆኖ አለፈ። ገበያውም፥ ለቅሶውም፥ ሠርጉም እንደ ወትሮው ነበረ። ሕዝቡን ብቻ መውቀስ ፍርድ አያሰኝም፤ መለኪያውን አልሰጡትምና።

ከመግለጫው ጋራ የሚነጻጸር ሌላ ዓይነት ጽሑፍ አለ፤ እርሱም የሊቃውንት ጥናት ነው። በግንቦት 2013 ዓ.ም. ላንሴት በሚባለው የእንግሊዝ የሕክምና መጽሔት አንድ ጥናት ወጣ። ኢትዮጵያ ካለችባቸው 10 የአፍሪካ አገሮች ከ64 ሆስፒታሎች 3 ሺ 1 መቶ 40 በጽኑ የታመሙ አዋቂዎችን የመረመረ ነው። ከ100ው 48 የሚያህሉት በ30 ቀን ውስጥ ሞተዋል፤ በቀረው ዓለም የተደረጉ ጥናቶች ያሳዩት ግን ከ100ው ወደ 31 የሚጠጋ ነበር። ጥናቱ ለልዩነቱ አንድ ምክንያት አድርጎ ያነሣው የሕክምናው ቦታና ዕቃ ማነሱን፥ ያለውም በሚገባ አለመሠራቱን ነው። እዚህ ላይ ወርቁ ወጣ። መግለጫው ስንቱ ሞተ ሲል ጥናቱ ከስንቱ ስንቱ ሞተ፥ ሊድንስ የሚችል ስንቱ ነበር አለ። መግለጫው የጐደለበትን ወሰን ጥናቱ ሰጠ። ሆኖም ጥናቱም ጉድለት አለበት። ከሞቱት አንዱም ፊት የለውም፤ ከነርሶቹም አንዲቱ እንኳ አትናገርም። ደግሞም በባዕድ ቋንቋ ስለ ተጻፈ፥ ነገሩ የሚመለከተው የገላን ሰው ሊያነበው አይችልም።

ሦስተኛው ዓይነት ጽሑፍ ትዝታ ነው። በኅዳር ወር 1911 ዓ.ም. አዲስ አበባን የመታው ግሪፕ፥ የኅዳር በሽታ ተብሎ እስካሁን ይታወሳል፤ በየዓመቱ ኅዳር 12 ቀን ቆሻሻ ሰብስቦ ማጠን ከዚያ ጋራ የተያያዘ ልማድ ሆኖ ኖሯል። ብላታ መርስዔ ኀዘን ወልደ ቂርቆስ ያዩትንና የሰሙትን በትዝታዬ መጽሐፋቸው ትተዋል፤ ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴም ራሳቸው በዚያ በሽታ ታመው እንደ ዳኑ በታሪካቸው ጽፈዋል። በዚያን ጊዜ በየቀኑ ቍጥር የሚነግር መሥሪያ ቤት አልነበረም፤ የሞተውም ሰው ብዛት በግምት ቀረ። ነገር ግን ከመቶ ዓመት በኋላ ያ በሽታ በሕዝብ ልብ ሕያው የሆነው በቍጥር አይደለም፤ ያየ ሰው ስለ ተናገረና ሕዝቡም ቀን ሰይሞ ስላሰበው ነው። የኮሮና ወረርሽኝ ግን በተቃራኒው ነው። በኢትዮጵያ ወደ 5 መቶ ሺ የሚጠጋ ሰው ቫይረሱ እንደ ተገኘበት፥ ወደ 7 ሺ 5 መቶ የሚጠጋም እንደ ሞተ ተመዝግቧል፤ የዓለም ጤና ድርጅትም የዓለም አቀፉን አስቸኳይ ጊዜ ሚያዝያ 27 ቀን 2015 ዓ.ም. ማብቃቱን ተናገረ። ቍጥሩ አለ፤ የሚያስበው ግን እያነሰ ሄደ። ጦርነትና ኑሮ ውድነት በላዩ ሲደራረቡበት፥ የትናንቱ ሞት የሩቅ ዘመን መሰለ።

ሦስቱን ጽሑፎች ባንድ ሚዛን ቢመዝኗቸው ፍርዱ እንዲህ ይሆናል። መግለጫው ፈጣን ነው፤ ግን ወሰን የለውም። ጥናቱ ወሰን አለው፤ ግን ዘገየ፥ ፊትም የለውም። ትዝታው ፊት አለው፤ ግን ቍጥር የለውም። ከሦስቱ አንዱ ብቻውን አይበቃም። ደጉ ሳምራዊ በመንገድ የወደቀውን ሰው ወደ እንግዳ ማደሪያ ባደረሰው ጊዜ አልጋ ብቻ አልተከራየለትም። ሌሊቱን አስታመመው፤ በማግሥቱ ለባለቤቱ ሁለት ዲናር ሰጥቶ የሚጠብቀው ሰው አቆመለት፤ ከዚያ በላይ ቢያስፈልግም እንደሚከፍል ቃል ገባ። በዚህ ምሳሌ ውስጥ አልጋው አንድ ነገር ነው፤ አስታማሚው፥ ወጪውና ቃል ኪዳኑ ሦስት ናቸው።

ምናልባት አንዳንድ አስተዋይ ሰው፥ የቦታውን ማነስ በየቀኑ ለሕዝብ መንገር ሽብር ያመጣል፤ ባለጸጋው ቀድሞ ይሻማል፤ ድኻውም ተስፋ ይቈርጣል ብሎ ይቃወም ይሆናል። ይህ ቃል ቸል የሚባል አይደለም። በወረርሽኝ ጊዜ ፍርሃት ራሱ በሽታ ነው፤ ሲሊንደር በየቤቱ ሰብስቦ ማከማቸትም በብዙ አገር ታይቷል። ነገር ግን የሚያሸብረው እውነት ድንገት ሲመጣ ነው፤ ዕለት ዕለት በልክ የሚነገር እውነት ግን ያስለምዳል፥ ያስጠነቅቃልም። አንድ አባት ቤቱ ያለውን እህል ለልጆቹ በየሳምንቱ ቢነግር ልጆቹ ቍጠባ ይማራሉ፤ ሙሉ ነው እያለ ቈይቶ ጎተራው ባዶ በሆነበት ቀን ቢናገር ግን ያን ጊዜ ጩኸት ይሆናል። ስለዚህ ወሰኑን መደበቅ ሽብርን ያዘገየዋል እንጂ አያስቀረውም።

ለገላን ሰው ይህ ክርክር የቃል ጨዋታ አይደለም። ከተማው በአዲስ አበባ ጥግ ነው፤ በአስተዳደር ግን በኦሮሚያ ክልል ውስጥ ነው። ጽኑ ሕመም የያዘው ሰው ሌሊት ቢወድቅ ዘመዶቹ ወደ አዲስ አበባ ያቅኑ ወይስ ወደ ቢሾፍቱ? የሚደርሱበትስ ቦታ ክፍት ይሁን ዝግ ማን ይነግራቸዋል? ሰበታም፥ ቡራዩም፥ ሱሉልታም ያሉ ቤተ ሰቦች በዚሁ ጥያቄ ላይ ናቸው። የአገሩ ሁሉ ቍጥር ባንድ ላይ ሲነገር ለእነዚህ ሰዎች የሚሆን መልስ በውስጡ አይገኝም። ሕሙም በመንገድ ላይ እያለ የሚያልፈው ሰዓት በማናቸውም መግለጫ ላይ አልተጻፈም፤ ብዙ ጊዜ ግን ሞትና ሕይወትን የሚለየው እርሱ ነው።

ሌላ ወረርሽኝ አይመጣም የሚል አስተዋይ የለም። በመጣም ጊዜ ደግሞ ይህን ያህል አልጋ ተዘጋጀ የሚል ቃል መሰማቱ አይቀርም። ያን ጊዜ ሰሚው፥ ካህንም ቢሆን የከተማ ሹም፥ ቃሉን ተቀብሎ ዝም ከማለት ይልቅ አራት ነገር ቢጠይቅ ይገባዋል። በአልጋው አጠገብ ሌሊት የሚቆመው ማን ነው? ኦክስጅኑ ከወዴት ይመጣል፥ ለስንት ቀንስ ይበቃል? የመጨረሻው አልጋ ለማን እንደሚሰጥ ሕጉ የት ተጽፏል? በከተማው ጥግ ያለውስ ሰው በምን ይደርሳል? እነዚህ አራቱ መልስ ካገኙ አልጋው በውነት አልጋ ነው። በሚሌኒየም አዳራሽና በኤካ ኮተቤ ሌሊቱን የቆሙት ነርሶችና ሐኪሞች ደግሞ ያዩትን ገና ሳይረሱት በገዛ ቋንቋቸው ቢጽፉት፥ መግለጫውና ጥናቱ ያጡት ፊት ይገኛል። ነፍስና እስትንፋስ በግእዝ ከአንድ ሥር የወጡ ቃላት ናቸው፤ እስትንፋስን የቈጠረ ነፍስን ቈጥሯል፤ አልጋን ብቻ የቈጠረ ግን እንጨትና ብረት ቈጥሮ ቀርቷል።